አራስ ሞተር

«ቀንሺ» አለ አባቷ።

«ቀንሻለሁ እኮ!»

«ጆሮ አለኝ። ቀንሺ።»

ቀነሰች። አዲሱ ሞተር ከኋላዋ እያጉረመረመ ጀልባዋን በእግረኛ ፍጥነት ይገፋል። መካኒኩ ትእዛዙን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ ሰጥቷቸዋል፤ የመጀመሪያው ሰዓት ዝግ ብሎ፣ ሁለተኛው ከግማሽ ሳያልፍ፣ ከዚያ ከፍ ዝቅ እያደረጉ በድምሩ አስር ሰዓት እስኪሞላ። ከዚያ በፊት ሙሉ ጋዝ ከተሰጠው ፒስተኑ ግሎ ይጣበቅና ሞተሩ ተራ ብረት ይሆናል። አባቷ ይህን እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞታል፤ ሁሉንም ዛሬውኑ ሊጨርስ ቆርጦ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው የቀሰቀሳት።

ሞተሩ የተገዛው አባቷ ከአያቷ የወረሳት ቁራሽ መሬት ተሸጣ ነው። የሚነዳው ግን እሱ አይደለም። አንጓዎቹ አብጠው ጣቶቹ አንታጠፍም ካሉት ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እጀታውም መረቡም የእሷ ናቸው። ወንድሞቿ አንድ በአንድ ከሄዱ ወዲህ አልፎ አልፎ ይደውሉና «አባዬን አደራ» ይሏታል። አደራ ማለት ምን ይከብዳል።

ነገ ማለዳ በሚነሳው አውቶቡስ መሄድ አለባት። የነርስነት ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ ምዝገባው ነገ ማታ ይዘጋል። በሃያ ስምንት ዓመቷ የመጣ ዕድል ነው፤ ሁለተኛ አይመጣም። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ዛሬስ እነግረዋለሁ» እያለች ነው የከረመችው። ነገሩን የምታውቀው አክስቷ ብቻ ናት። እንዲህ ስታመነታ አባቷ ሞተሩን በጋሪ አስጭኖ ደጃፋቸው ላይ አወረደው፤ ሰፈርተኛው ወጥቶ መረቀው፤ እሷም ልትናገር ያሰበችውን ዋጠችው።

ጥርሶ የሚሉት ጎረቤታቸው በአሮጌ ሞተሩ እየተንተከተከ አለፋቸው።

«ምነው፣ ገና ዳዴ ነው እንዴ?» ሲል ጮኸ።

«አራስ ናት! አትጩህባት!» አለ አባቷ። ሁለቱም ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

ጥርሶ ከዓይን ሲርቅ አባቷ ከፊት የመረቡ ክምር ላይ ተጋደመና ቆቡን ፊቱ ላይ ደፋ። «ሰዓቱን እያየሽ» አላት። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው፤ ወይም የወሰደው መሰላት።

በአራቱም አቅጣጫ ውሃ ብቻ ነው። ገና ስምንት ሰዓት ተኩል ይቀራል። እጀታውን ለቃ እግሯን እንዳታፍታታ ጀልባዋ ትዞራለች። እንዳትናገር ሰውየው ተኝቷል፤ ባይተኛም አትናገርም። መረብ የገባ ዓሣ እንኳ ይንፈራገጣል፣ እኔ እንዲህ ቁጭ ብዬ ሰዓት እቆጥራለሁ አለች በሆዷ።

ሐሳቡ የመጣባት ያኔ ነው። ሙሉ ጋዝ፣ ቢበዛ ለሩብ ሰዓት። ሞተር ከሌለ ጀልባ የለም፤ ጀልባ ከሌለ እሷን እዚህ የሚያስቀራት ሥራ የለም። «ሲሠራ ነው የተበላሸው» ትላለች፤ ማን አይቷት። እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘችው።

ጀልባዋ አፍንጫዋን አንስታ ተፈተለከች። ሞተሩ ጮኸ፤ የሚቃጠል የአዲስ ቀለም ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። ዓይኗን አባቷ ላይ ተክላ እስኪነሳ፣ እስኪጮህባት ጠበቀች። አልተነሳም።

«ልጄ» አለ ከቆቡ ስር፣ ድምፁ ከሞተሩ በላይ እንዲሰማ እየታገለ። «የአክስትሽ አፍ መቼ ይዘጋል ብለሽ ነው?»

ክው አለች። እጇ ግን እጀታውን አላላላም።

«መቼ ነገረችህ?»

«መሬቷን ከመሸጤ በፊት።»

«አውቀህ ነው የገዛኸው?»

«አውቄ ነው።» ቆቡን ከፊቱ አነሳ። «ፈራሁ። እዚያ ቤት ብቻዬን፣ በእነዚህ እጆች... የሸሚዜን ቁልፍ እንኳ ማን ይቆልፍልኛል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ምን ልበልሽ? ማቃጠል ካማረሽ አቃጥይው። አልቆጣሽም።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ንዴቱ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ወረራት፤ የተሸጠችውን መሬት ጠላች፣ ወንድሞቿን ጠላች፣ እነዚያን ያበጡ ጣቶችም ጠላች። ሞተሩ ያጓራል። አንድ ደቂቃ ሆነ፣ ሁለት ሆነ። ከዚያ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ሰማች።

ሳታዘው እጇ ጋዙን ቀነሰው።

ጀልባዋ ሆዷን ውሃው ላይ አሳረፈች። ሞተሩ ተንገጫገጨ፣ አሳለ፣ ሊጠፋ ሲል ደግሞ ያዘ። ማቀዝቀዣው ደህና ከሆነ ከጎኑ ክር የምታህል ውሃ መትፋት አለበት። በአንድ እጇ እጀታውን እንደያዘች ተንጠራርታ ሌላውን መዳፏን ዘረጋችለት። ምንም የለም። ጠበቀች። ትንሽ እንፋሎት ወጣ። ከዚያ ውሃው መጣ፤ ያቃጥላል፣ ግን ሳይቆራረጥ መጣ።

«ይተፋል?» አለ አባቷ አንገቱን አስግጎ።

«ይተፋል! አባዬ፣ ይተፋል!» አለች እየሳቀች።

የገዛ ሳቋን ሰማችው። መዳፏን ከሙቁ ውሃ ስር ሳታነሳ ማልቀስ ጀመረች።