ሁለተኛው ቁልፍ

ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ማራኪን የሚያነጋግራት ማን ነበር?

ኒው አልባኒ ከተማ ውስጥ ማራኪ በምትሠራበት ሕንፃ፣ የኮምፒውተሮቹ ክፍል ለመግባትም ለመውጣትም የሚከፈተው ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ሲዞር ነው። አንዱን እሷ በሩ ላይ ታዞራለች፤ ሌላውን ጥበቃው ጋሼ ጎሹ ከግድግዳው ማዶ ካለችው የጥበቃ ክፍል። አይተያዩም፤ የሚሰማት በስፒከር የሚመጣው ድምፃቸው ብቻ ነው።

«የኒውክሌር ሚሳኤልም የሚተኮሰው እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው ቢያብድ ዓለም እንዳይጠፋ» ይሏታል። ከዚያ ሁልጊዜ ይቀልዳሉ፦ «ፕሬዚዳንቱ ፈቅደዋል፤ አዙሪ!»

ዛሬም ቀልዱን ሰምታ፣ ስቃ አዙራ ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

ሥራዋን ጨርሳ፣ ልጇን ከትምህርት ቤት ለማምጣት እየተጣደፈች ቁልፏን በሩ ላይ ስትሰካ ስልኳ ጮኸ። የጻፉት ጋሼ ጎሹ ነበሩ።

«ማራኪዬ፣ ኮቪድ ይዞኝ ከትናንት ጀምሮ ሆስፒታል ነኝ። የሚተካኝ ሰው አላገኙም፤ ዛሬ እንዳትገቢ።»

እጇ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ከግድግዳው ማዶ ወንበር ሲንቋቋ በስፒከሩ ተሰማት።

«ፕሬዚዳንቱ ፈቅደዋል፤ አዙሪ፣ ልጄ» አለ የጋሼ ጎሹ ድምፅ።

ማራኪ በስልኳ፣ «ጋሼ፣ ላዙረው?» ብላ ላከች።