እንዳትነቃነቂ

ምራቲቱ የበሰለ የሳር ዘር ለመልቀም እጇን ጥቅጥቅ ባለው ሳር ውስጥ እንደ ሰደደች፣ አንድ ቀዝቃዛ ነገር አንጓዋ ላይ ተሳበ። ክው ብላ ቀረች። «እማማ...» አለች።

ከጎኗ ሲለቅሙ የነበሩት አማቷ ቀና ብለው አዩ። «እንዳትነቃነቂ ልጄ! ትንፋሽሽንም ያዢው» አሉ በሹክሹክታ። ጥቁሩ እባብ ምላሱን እያወጣ እየመለሰ በእጇ ላይ ሲያልፍ ላብ ጀርባዋን አጠባት። ቤት ትታው የመጣችው ጡት ያልጣለ ልጇ ፊቷ ላይ ድቅን አለ፤ ማን ያጠባዋል? ጅራቱ ከጣቶቿ ላይ እስኪወርድ ዘመን የፈጀ መሰላት።

እባቡ ሲሰወር ዘፍ ብላ ተቀመጠች። አማቷ እጇን አገላብጠው አዩና አለመነደፏን ሲያረጋግጡ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «ግጦሹ ተራቁቶ አፈር ብቻ ከቀረ ወዲህ እባብ አይቼበት አላውቅም። አጥረን የአገሩን ሳር መልሰን ስንዘራ አበዱ ተባልን፤ ይኸው አይጡም መጣ፣ አይጡን የሚበላውም መጣ።»

«እርስዎ ደስ ይበልዎት፤ እኔ ነፍሴ ገና አልተመለሰችም» አለች።

አማቷ ሳሩን በዱላ እየመቱ ከፊት ሄዱ፤ እሷ ቀሚሳቸውን ጨብጣ ተከተለች። ድሮ ዐይናቸውን ጨፍነው ያቋርጡት በነበረው ሜዳ ላይ፣ ሁለቱም ሳያዩ አልረገጡም።