ወለሉ ያልቀለባት ልጅ

በከተማው ወለሉም መንገዱም የሚወድቀውን ሰው እንደ ኳስ ቀልቦ መልሶ ማቆም ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ታዲያ የአምስት ዓመቷ ኤፍራታ ክፍል ውስጥ ስትሮጥ ወለሉ ለአፍታ ሳታትና ጉልበቷ ተላጠ። አላለቀሰችም። ረዳት መምህሩን ጋሽ ወንዳፍራሽን ቀና ብላ አየቻቸውና፣ «ጋሼ፣ ሞትኩ እንዴ?» አለች።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ወደ ዋናዋ መምህርት ወደ ሚስ ሶልያና ዞሩ። ሁለት ዲግሪ አላት። ሦስት ዓመት ሙሉ «ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ንፍጥ ይጥረግ፣ ማስተማሩን ለእኛ ይተው» ስትል ሰምተዋል፤ አንዷንም ቃል አልረሱም። ዛሬ ግን ደሙን አይታ ደርቃ ቀርታለች።

«ኧረ ምን ሞት አመጣው! ወደቅሽ እንጂ!» አሉና ወለሉን በመዳፋቸው ይደበድቡት ጀመር። «እንካ! አንተ ባለጌ ወለል! የእኔን ልጅ ትጥላለህ?»

ኤፍራታ ከት ብላ ሳቀች። ሃያው ሕፃን ግር ብሎ መጥቶ ወለሉን ቀጠቀጠው። ጋሽ ወንዳፍራሽም ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ በልጅነታቸው ከቆርቆሮ አጥር ላይ ወድቀው ያተረፉትን ጠባሳ አሳዩ። ሁሉም በየተራ ነካው። ጠባሳ ያየ ልጅ በመካከላቸው አልነበረም።

«እኔስ መቼ ነው የምወድቀው?» አለ አንዱ በቅናት።

«ወረፋህን ያዝ!»

ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ ሚስ ሶልያና ጠጋ አለች። ልትገስጸኝ ነው ብለው ስድባቸውን አዘጋጅተው ጠበቋት።

«ጋሼ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መውደቅ በጣም ያማል?»

ስድቡ ከአፋቸው ጠፋ።

«ያማል እንጂ!» አሏት። «ግን የሚያነሣሽ ሰው ነው።»