«ሳሙና ቀይሪ!» የተባለችው ልብስ አጣቢ

"ይሄን ነው አጥቤዋለሁ የምትይኝ?!"

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አንሶላውን መዥርጣ አውጥታ ልብስ አጣቢዋ ፊት ላይ ዘረጋችው...

ነጩ አንሶላ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል።

"እትዬ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ... ሦስቴ ነው ያጠብኩት።"

"ሦስቴ ታጥቦ እንዲህ ከሆነማ ባታጥቢው ይሻል ነበር! በቃ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።"

ልብስ አጣቢዋ ወጣች።

ይህቺ ሴት ማን መሰለቻችሁ? ሰፈሩ ሁሉ "በረዶ" እያለ የሚጠራት ናት! እጇ የገባ ነጭ ልብስ ከአዲስ አይለይም ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በገንዳና በገመድ ነው።

ታዲያ ምን ነካት?

ከጓሮዋ ግድግዳ ጀርባ ከተማው የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ቻርጅ ማድረጊያ ሠራ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ... በመንገዱ በኩል ግድግዳው ላይ በአረንጓዴ ቀለም "ጭስ አልባ ከተማ" ተብሎ በጉልህ ተጻፈ።

ሁሉም ነገር ተሟልቷል... መብራቱ ብቻ አልበቃም።

ሲያጥራቸው ምን አደረጉ? ቤት የሚያክል የናፍጣ ጄኔሬተር አምጥተው ከግድግዳው ኋላ ደበቁት! የጭስ ማውጫውንስ ወዴት ቢያዞሩት ጥሩ ነው?

ወደ በረዶ ጓሮ!

አውቶቡሶቹ በዋናው መንገድ ሽር ብትን ይላሉ... ጥቀርሻውን እሷ ትለቅማለች። አያናድድም?

ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሲሸሿት ወደ አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሄደች። ኃላፊው ከስልኩ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

"አውቶቡሶቹ ጭስ የላቸውም፣ እናቴ።"

"እነሱማ የላቸውም ጌታዬ... የሚቀልባቸው ጄኔሬተር ነው የሚያጨሰው።"

"እሱ ጊዜያዊ ነው። እስከዚያ ሳሙና ቀይሪ!"

ሳሙና ቀይሪ!! ሰምታችኋል?

የዋህ ናት፣ እሷም ቀየረች። ከልጆቿ አፍ ነጥቃ ውድ ሳሙና ገዛች... ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን የማዘጋጃ ቤቱ መኪና በሯ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ክምር አወረደ።

"ከተማችን በንጹሕ አየር ልትሸለም ነው! ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ነጭ ልብስ እንደ በረዶ የሚያጥብ የለም ብለውኝ ነው የመጣሁት።"

በደስታ ክምሩን ተቀበለችው። ይሄን ካሳመረች ደንበኞቿ ይመለሳሉ።

"እማ፣ ቤት ውስጥ እናስጣው፣ ጥቀርሻው አያገኘውም" አለቻት ትልቋ ልጇ።

በረዶ ገመዱን አየች... ግድግዳውን አየች...

"አይሆንም። ንጹሕ ነው ያሉት አየር ላይ ነው የሚሰጣው!"

በወጉ አጣጥፋ ሽልማቱ የሚሰጥበት አዳራሽ ድረስ ራሷ አደረሰችው። ጠረጴዛዎቹ ላይ ሲዘረጋ ነጩ ጨርቅ ጥቀርሻ በጥቀርሻ ሆኖ ታየ። አንዷ ሸላሚ በጣቷ ጠረግ አደረገችው... ጣቷ ጠቆረ።

የአካባቢ ጥበቃ ቢሮው ኃላፊ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ተነሳ።

"አንቺ ሴትዮ! ምን አድርገሽው ነው?!"

"ሳሙና ቀየርኩ ጌታዬ... እንዳሉኝ።"

"የት ነው ያሰጣሽው?" አለች ሸላሚዋ።

"ጓሮዬ፣ የአውቶቡሶቹ ጄኔሬተር የሚያጨስበት።"

ከዚያማ ጄኔሬተሩ ተነሳ ብላችሁ ጠበቃችሁ፣ አይደል?

ጠብቁ!

ጨርቁ ተገፎ ለበረዶ ተመለሰላት፣ ሽልማቱም በባዶ ጠረጴዛ ላይ ተሰጠ። ጭብጨባው እንኳ አልቀነሰም። በማግስቱ ሠራተኞች መጡ። ጄኔሬተሩን ሊያነሱ መስሏት በሩን ብርግድ አድርጋ ከፈተችላቸው... እነሱ ግን ጓሮ ገብተው የልብስ ገመዷን ቆረጡት!

"ውጪ ልብስ ማስጣት የከተማዋን ገጽታ ያበላሻል" ተብሎ!

በረዶ ገንዳዋ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በሩ ተንኳኳ... የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ናት። ወሬውን ሰምታ ነው የመጣችው።

"በረዶዬ፣ አፈር ስሆን ይቅር በዪኝ! ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ያዋረድኩሽ። ነይ፣ እኔ ሰገነት ላይ አስጪ።"

በረዶ እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አደረገች... ማንም መጥቶ ያልወሰደውን የጠቆረ የጠረጴዛ ልብስ ይዛ በመንገዱ በኩል ዞረች፣ "ጭስ አልባ ከተማ" የሚለው ጽሑፍ ላይ ሰቀለችው።

እስካሁን ደፍሮ ያወረደው የለም።

ወገን፣ ጭስን ከዋናው መንገድ አንስቶ ድሃ ጓሮ መድፋት ጽዳት አይባልም! የሚጮኸውን ሰው ገመድ መቁረጥ ደግሞ ግፍ ነው።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... በእሷ ቦታ ብትሆኑ ቤት ውስጥ ታሰጡት ነበር ወይስ ውጪ? ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ 👇