የአራት ደቂቃ ጥሪ

ጠዋት አልጋዋን አነጠፈች፣ ሻይዋን ጠጣች፣ የሟች ባሏን ስልክ በቦርሳዋ ይዛ ወደ ጥገና ቤቱ ሄደች። ባሏ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ጭኖበት ዓመት ሙሉ ሲታገለው የኖረ ስልክ ነው። ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሞተበት ቀን ሊደውልላት ሞክሮ ነበር ወይ?

«እትዬ፣ ይሄ ስልክ ለኢንተርኔት እንጂ ለጥሪ አይሆንም፤ ኔትወርካችን አይቀበለውም» አለ ጠጋኙ። «ሰውዬው ግን ችኮ ነበሩ። በዚያ ቀን ለእርስዎ ሃያ ጊዜ ደውለዋል። አሥራ ዘጠኙ አልወጣም።»

«ሃያኛውስ?»

ጠጋኙ የስልኩን መስታወት ወደ እሷ አዞረ። «አራት ደቂቃ አውርታችኋል ይላል። ንግግሩንም ቀድቶታል።»

ከፈተው። የባሏ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተሰማ፤ ከዚያም የራሷ ድምፅ፣ «አይዞህ፣ አለሁ፣ አትዝጋው» ሲል።

ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ደቂቃ በደቂቃ ታስታውሰዋለች። እነዚህ አራት ደቂቃዎች በውስጡ የሉም።