ጥለቱ ወደ ታች

ልጇ ከዘመተ ጀምሮ አንድ ሕልም እንቅልፍ ነስቷታል። ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ስትከፍት ጎረቤቶቿ እንደ ለቀስተኛ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ቆመዋል። አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮኻ ትነቃለች። ከዚያ በመስኮት አጮልቃ የሚያልፉትን ሴቶች ነጠላ ታያለች። ጥለቱ ወደ ታች ከሆነ፣ ሕልም ነበር ብላ ትረጋጋለች።

ዛሬም ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። ጎረቤቶቿ ናቸው። ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ነጠላቸው ላይ ነው፤ የሁሉም ጥለት ወደ ታች ነው።

«ተመስገን» አለች፣ በሩን ይዛ። «በሕልሜ እኮ ነጠላችሁን እያዘቀዘቃችሁ እየመጣችሁ ልትገድሉኝ ነው። ግቡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?»

ገቡ። የተቀመጠ ግን የለም። በዕድሜ የሚበልጧት እትዬ የሺመቤት ክንዷን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«ሳንነግርሽ ከሩቅ አይተሽ እንዳትደነግጪ ብለን ነው፣ ልጄ» አሉና ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አዘቀዘቁት። ሌሎቹም ተራ በተራ አዘቀዘቁ።

እሷ አልጮኸችም። አንድ በአንድ አየቻቸው።

«በሉ እትዬ» አለች፣ «ቀስቅሱኝ።»