ዘጠኝ ከዘጠኝ

የጎረቤታችን ልጅ ረድኤት ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስ ትማራለች። ለመመረቂያ ጥናቷ ግብጦ የገባባቸው ክብና ሞላላ ብስኩቶች ጋግራ ሰፈርተኛውን አቀመሰችና ከዘጠኝ ነጥብ ስጡልኝ አለች። ክቡ እንደ ኮሶ ይመራል። ግን በገዛ ልጃችን ማን ይጨክናል? ሁላችንም ለሁለቱም ዘጠኝ ሞላን።

አማካሪ መምህሯ ወረቀቱን መለሱባት። «ይሄ ይሉኝታ እንጂ ጥናት አይደለም። ካላስተካከልሽው ዘንድሮ አትመረቂም» አሏት።

ቅዳሜ እንደገና ጠራችን። መምህሩም ሊታዘቡ መጥተው አብረውን ቀመሱ። ሻይ ልታመጣ ጓዳ ገብታ ስትመለስ የሁላችንም ሳህን ባዶ፣ ወረቀታችንም ዘጠኝ በዘጠኝ ነበር።

«እጅ ያስቆረጥማል» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ረድኤት ወረቀቶቹን ዞር ብላም አላየቻቸው። ትንሽ ሚዛን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ምትኩ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለውን እዚህ ላይ ያስቀምጡልኝ።»

«የምን ኪስ?» አልኩ።

«ባለፈው ቤቱን ስጠርግ ከሶፋው ሥር ስንቱን ለቀምኩ መሰለዎት?»

«ወድጄው እኮ ነው ለቤት የያዝኩት» አልኳት።

«እሺ፣ እሱንም እጽፈዋለሁ» ብላ መዘነችብኝ።

ከእትዬ ዘርፌ ነጠላ ጫፍ ሁለት ተፈታ። ከጎረቤታችን ከሃምሳ አለቃው ባርኔጣ ውስጥም ወጣ። ሁሉም ክቡ ነበር። ረድኤት እየሳቀች ያልተበላውን በግራም ትመዘግባለች።

መጨረሻ የቀሩት መምህሩ ነበሩ። ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደዱና፣ በመሀረብ የተጠቀለለ ክብ ብስኩት ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ።